ተሰማና እንድሪስ ለምን አይጋጠሙም ነበር

ሥራ የገባሁ ቀን፣ ገና ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ የተባረርኩ መስሎኝ ነበር።

ይማም እባላለሁ። ዘመኑ ጣልያን ደሴን የያዘበት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሆጤ ሰፈር ካለ አንድ አናጢ ዘንድ ሳንቃ ስልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሐጂ ሳልህ የሚባሉ፣ አያታቸው ከየመን ተሻግረው የመጡ ነጋዴ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣልያን ሁለት የከረምቡላ ጠረጴዛ ገዙ። አንዱን ደሴ ፒያሳ አጠገብ ተከሉ፣ ሁለተኛውን ኮምቦልቻ። የጣልያኖቹ ቡና ቤት እኛን አያስገባም፤ የሐጂ ቤት ግን የአገሬው ሰው ቤት ነበር። የደሴው ጠረጴዛ እግሩ ተንጋዶ ስለነበር አናጢ ሲፈልጉ እኔን አገኙ። አስተካክዬ ስጨርስ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"መቁጠር ትችላለህ?" አሉኝ።

"እችላለሁ ሐጂ።"

"ዝም ማለትስ?"

"እሱንም እሞክራለሁ።"

"በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቆጣሪ ነህ።"

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። በአረንጓዴ ጨርቅ በተለበጠ ጠረጴዛ መሐል አምስት ትናንሽ እንጨቶች ይቆማሉ። ተጫዋቹ ስቴካ በሚባለው ረጅም በትር የራሱን ኳስ ይመታል፤ የራሱ ኳስ ሄዶ የተጋጣሚውን ኳስ ይመታል፤ የተጋጣሚው ኳስ እንጨት ከጣለ ነጥብ ነው፤ የወደቀው እንጨት መልሶ ይቆማል። በገዛ ኳሱ እንጨት የጣለ ግን ነጥቡን ለሌላው ሰጠ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ሽቦ ተወጥሯል፣ በሽቦው ላይ ጨሌ ተሰክቷል። ቆጣሪው በቀጭን ሸምበቆ ጨሌውን እየገፋ ነጥብ ይይዛል። ተሸናፊ ሻይ ይጋብዛል።

እንግዲህ ያን ቀን ሸምበቆዬን ይዤ እንደ ዳኛ ተኮፍሼ ቆሜያለሁ። የሚጫወተው ተሰማ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀጭን፣ ጣቱ ረጅም፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው። ደሴ ውስጥ እሱን ያሸነፈ አልነበረም። አንድ የጨው ነጋዴ አሸንፎ ገና ስቴካውን ሳያስቀምጥ በሩ ተከፈተና ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው "አሰላሙ አለይኩም!" ብሎ ገባ።

ተሰማ እንዳየው ስቴካውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ የነጋዴውን እግር ረግጦ፣ እኔ ዘንድ ደረሰና ሸምበቆውን ከእጄ መነተፈኝ።

"ዞር በል!"

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ዞር በል እንጂ ሰውዬ! ዛሬ የምቆጥረው እኔ ነኝ።"

የመጣው ሰውዬ ደግሞ ጭንቅላቱን ይዞ "አይ ተሰማ! ቀደምከኝ፣ ወላሂ! ከኮምቦልቻ ጀምሬ ሳስባት የመጣሁት ይችኑ ሸምበቆ ነበር" አለ።

እኔ ምን ይገባኛል! ሥራዬን ሁለት ሰው የሚሻማበት ምን ዓይነት አገር ነው ብዬ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። "ሐጂ፣ ሥራዬን ልብስ ሰፊው ወሰደው" አልኳቸው። ሐጂ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የመጣው ሰው እንድሪስ ይባላል፣ የካሚዮን መካኒክ ነው፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ያሸነፈው የለም አሉኝ። የቤታችንም ደንብ ሸምበቆ የያዘ አይጫወትም የሚል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጎበዞች አንድ ቤት ከተገናኙ ሸምበቆውን የቀደመ ይተርፋል፤ የተቀደመው ከሌላ ሰው ጋር ይጫወታል፤ እርስ በርስ ግን በፍጹም አይጋጠሙም።

"ለምን ሐጂ?" አልኳቸው።

"ደሴ ተሰማን ያሸነፈ የለም ብሎ እዚህ ይመጣል። ኮምቦልቻ እንድሪስን ያሸነፈ የለም ብሎ እዚያ ይሄዳል። ሁለቱ ከተጋጠሙ አንደኛው ተሸናፊ ይሆናል። ተሸናፊ ለማየት የሚመጣ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ሂድና ሻይህን ጨርስ።"

እኔም ይሄ የነጋዴ ሒሳብ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ለረጅም ጊዜም ምክንያቱ ይኸው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቆጣሪ ማለት ቆጥሮ ብቻ የሚውል ሰው አይደለም። ጠዋት ጨርቁን በብሩሽ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ትጠርጋለህ፤ ወደ ኋላ ከመለስከው ይሻክራል። ሳምንት በሳምንት በከሰል ካውያ ለብ አድርገህ ትተኩሳለህ። ውሃ ልክ አስቀምጠህ ጠረጴዛው ወዴት እንዳዘነበለ ታያለህ፣ ከእግሩ ሥር ስስ ጣውላ ትሸጉጣለህ። ስቴካው ጫፍ ላይ ያለችው ቆዳ ስትላቀቅ በሙጫ ትመልሳታለህ፣ ጄሶ እንዳያልቅ ትጠብቃለህ። ኳሶቹ የዝሆን ጥርስ ናቸው፣ ብርድ አይስማማቸውም፤ ደሴ ደግሞ ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት በጋቢዬ ጠቅልዬ ሳሞቃቸው እናቴ አይታኝ "አንተ ልጅ፣ ልትፈለፍል ነው እንዴ?" አለችኝ።

በቤቱ ውስጥ ማዕረግ አለ። ከታች ጠራጊው፣ ከሱ በላይ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው በላይ "የቤቱ ሰው" የሚባለው። የቤቱ ሰው ደመወዝ የለውም፤ ሻዩ ግን ነጻ ነው፣ የተሻለው ስቴካም የሱ ነው፣ ማንም ቢመጣ "ከሱ ጋር ተጫወት" የሚባለው እሱ ነው። የደሴው የቤት ሰው ተሰማ ነው፣ የኮምቦልቻው እንድሪስ። ከሁሉም በላይ ሐጂ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስቴካ በየትኛው ጫፉ እንደሚያዝ አያውቁም።

ያ ዘመን የሚያስቅ ዘመን አልነበረም። ሰው በየቤቱ የሚያለቅስበት ነገር ነበረው። ለዚህ ይመስለኛል ቤታችን ጢም ብሎ የሚሞላው፤ እዚያ ሲገባ ቢያንስ አንድ የሚያስቅ ነገር አያጣም። ከሚያስቁትም ሁሉ የሚበልጠው ተሰማና እንድሪስ ላለመጋጠም የሚፈጥሩት ምክንያት ነው።

ሰው "እስቲ ዛሬ እንያችሁ!" ሲላቸው ተሰማ ጣቱን ጨርቅ ጠምጥሞ "መርፌ ወጋኝ" ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ የጠመጠመው ሌላኛውን እጁን ነው። እንድሪስ "ጾመኛ ነኝ፣ ዓይኔ ጥሩ አያይም" ይላል፣ በአንድ እጁ ሻይ ይዞ። አንድ ቀን ተሰማ "ቀሚስ የምሰፋላት ሴት ምጥ ይዟታል" ብሎ ወጣ፤ ምጥና ቀሚስ ምን እንዳገናኛቸው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሌላው መሸሻቸው መመሰጋገን ነው። "እንድሪስ እያለ እኔ ማን ነኝ?" ይላል ተሰማ። "ኧረ አፈር ስሆን! ተሰማ ባለበት ስቴካ አልነካም" ይላል እንድሪስ። እንዲህ ሲከባበሩ ጠረጴዛው ሥራ ፈቶ ይውላል፤ እኔም "ወይ ተጫወቱ ወይ ልቀቁልን!" እያልኩ እለምናለሁ።

ከሁሉም የማልረሳው አንድ የገበያ ቀን ነው። የኮምቦልቻ ካሚዮን ሸዋ በር ላይ ጡሩምባ ሲነፋ ተሰማ ሱቁ ውስጥ ነበር። እንድሪስ እንደመጣ ገባውና ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ግማሹ የተሰፋ ሱሪ በእጁ እንደያዘ በገበያው መሐል ሮጠ። የሱሪው ባለቤትም "ሱሪዬን! ያዙልኝ!" እያለ ተከተለው። ሁለቱ ተያይዘው ገቡ። ተሰማ ሸምበቆውን ከእጄ ወስዶ ትንፋሹን ሳይመልስ "ጀምሩ!" አለ። ባለ ሱሪው ሰው ተናዶ ስቴካ አነሳና ሲጫወት ዋለ፤ ሱሪውም ጨሌው ሥር ተሰቅሎ ዋለ።

በዓመቱ ግድም ሐጂ ወደ ኮምቦልቻ አወረዱኝ። የዚያኛው ቤት ጠረጴዛ በቆላው ሙቀት እንጨቱ እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸው ነበር። ከጠረጴዛው ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። እዚያው ዘምዘምን አገባሁ። ዘምዘም በር ላይ ሻይ በቅርንፉድ ትሸጥ ነበር፤ ምላሷ ከእንድሪስ ስቴካ የማይተናነስ ሴት ናት። እኔ ጨርቅ ስተኩስ "ለኔ ቀሚስም እንዲህ ብትጨነቅ" ትለኛለች። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሳለች ነው ነገሩ የመጣው።

የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ጣልያን ነበር፤ እኛ ካፒታኖ እንለዋለን። ከረምቡላ ሲወድ እንደ እሱ ያለ አላየሁም። ደንባቸው የአገሬው ሰው ቤት እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ እሱ ግን "ለቁጥጥር ነው" እያለ ይመጣል። ቁጥጥሩ ወንበር ስቦ እንድሪስ ሲጫወት ማየት ነው። አንድ ቀን ሐጂ ሳልህን አስጠራቸውና በዚያች በገበያ በለቀማት አማርኛው "ለእናንተ ሁለት ቤት ብዙ ነው። አንድ ይበቃል። አንዱ ይዘጋል። ጠረጴዛው ለመኮንኖች ክበብ ይሆናል" አላቸው።

ሐጂ ለመኑት። አማላጅ ላኩበት። አልሆነም። "እሺ፣ የትኛው ይዘጋ?" ሲሉት ፊቱ በራ አሉ። ያሰበበት ነገር ነው። "ሁለቱ ይጫወታሉ። የተሸነፈው ቤት ይዘጋል" አለ።

ሐጂ ኮምቦልቻ ወርደው ይህን ሲነግሩን ዘምዘም ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች። ቤቱ ከተዘጋ ሥራዬ የለም፣ ክፍላችንም የለችም። ሆጤ የነበረው አናጢ ሌላ ሰው ከቀጠረ ቆይቷል። ሆዷን ይዛ "እንግዲህ ይሄ ልጅ የሚወለደው ከረምቡላ ጠረጴዛ ላይ ተወራርደንበት ነው በለኛ" አለች። ሳቅን። ከዚያ አልሳቅንም።

እንድሪስን ብቻውን አገኘሁት። "አደራህን" አልኩት።

"ይማም፣ እኔ ካሸነፍኩ ደሴ ያለው ቤት ይዘጋል። ተሰማ ሰው ፊት አይወጣም። የደሴ ሰው ምን አጠፋ?"

"እኔስ ምን አጠፋሁ?"

"አብሽር" አለኝ። እንዲህ የሚለው ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

የቀጠሮው ቀን ጨዋታው ኮምቦልቻ፣ በኛ ቤት ሆነ። የደሴ ሰው በካሚዮን ተጭኖ በሐረጎ ቁልቁለት እየዘፈነ ወረደ። የኮምቦልቻ ሰው ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ሐጂ ጥግ ይዘው ተስቢህ ይቆጥራሉ። እኔ ጨርቁን ሁለት ጊዜ ተኩሼዋለሁ፣ ውሃ ልኩን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጠረጴዛው ወደ ማንም አላዘነበለም። ሸምበቆዬን ይዤ ቆምኩ።

ካፒታኖ "ይጀመር!" እንዳለ ሁለቱም እኔ ላይ ተወረወሩ።

ተሰማ የሸምበቆውን አንድ ጫፍ ያዘ፣ እንድሪስ ሌላውን። እኔ መሐሉን አልለቅም ብያለሁ። "እኔ ልቁጠር!" "ኧረ እኔ ልቁጠር!" እየተባባልን ሦስታችንም ጠረጴዛውን ዞርነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘምዘም ከበሩ ላይ "ከሦስት ቦታ ስበሩላቸውና አንዳንድ ይያዙ!" ትላለች።

"ባስታ!" ብሎ ጮኸ ካፒታኖ። መጣና ሸምበቆውን ከሦስታችንም እጅ ነጠቀ። "እኔ እቆጥራለሁ።"

ከዚያ ሸምበቆ በኋላ መሸሻ የለም። ተሰማና እንድሪስ ተያዩ። ተሰማ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ የሚጠመጥም ጨርቅ የፈለገ መሰለኝ። በኋላ ስቴካ አነሳ።

መታ። ኳሱ በእንጨቶቹ ጎን፣ ክር በምታልፍበት ስፋት አልፎ ሄደ። ሳተ። እንድሪስ መታ። ኳሱ አምስቱን እንጨቶች አንድ ጊዜ ዞሮ አንዱንም ሳይነካ ወጣ። ሳተ። ተሰማ እንደገና ሳተ። እንድሪስ እንደገና ሳተ። መጀመሪያ የተጨነቁ መሰለን። ቆይቶ ግን ገባን። እንዲያ አድርጎ መሳት ከመምታት ይከብዳል! ሰዉ ሲገባው በእያንዳንዱ ስህተት ያጨበጭብ ጀመር። "ማሻአላህ፣ እንዴት ሳታት!" ይላል አንዱ። "የተሰማ ስህተት ይበልጣል" ይላል ከደሴ የመጣው። "ኧረ ተው፣ የእንድሪስን ስህተት የሚስተካከል የለም!"

ካፒታኖ ሞኝ አይደለም። እሱም ገባው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "አሁን ነጥብ ካላየሁ ሁለቱንም ቤት እዘጋለሁ። ሁለቱንም!" አለ።

ሳቁ ተቋረጠ። ሐጂ ተስቢሃቸውን አቆሙ።

ተሰማ አንድ እንጨት ጣለ። ካፒታኖ በአንዱ ሽቦ ጨሌ ገፋ። እንድሪስ አንድ እንጨት ጣለ። ካፒታኖ በሌላው ሽቦ ጨሌ ገፋ። ተሰማ ሁለት ቢጥል እንድሪስ ሁለት ይጥላል። አንድ አይጨምር፣ አንድ አይቀንስ። እንዲህ እኩል እያስኬዱ እስኪመሽ ሊያደርሱት ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ዘምዘምን አየኋት፤ እሷም እንደኔ ከንፈሯን ነክሳ ጨሌውን ታያለች።

ይሄኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። የተሰማ ኳስ ሄዶ ጥግ ላይ ተለጠፈ። የእንድሪስ ኳስ ከእንጨቶቹ ማዶ ቀረ። ከዚያ ቦታ ነጥብ አይገኝም፤ ማንም ሰው እንደነገሩ ነካ አድርጎ ያልፈዋል። እንድሪስም ሊያልፈው ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና አለ። ኳሱን አየው። ስቴካውን ጄሶ ቀባው። እንደገና ጎንበስ አለ። እኔ ልጄ ገና ሳይወለድ ቤት አልባ ሲሆን ታየኝና "እንድሪስ!" ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

መታ። ኳሱ አንዱን ጠርዝ መታ፣ ሌላውን ጠርዝ መታ፣ ሦስተኛውን መታና ተመልሶ የተሰማን ኳስ ከተለጠፈበት ጥግ ነቀለው። የተሰማ ኳስ ቀስ ብሎ መጣ፣ መሐል ደረሰ፣ አምስቱንም እንጨት አስተኛቸው።

ከሁላችንም በላይ የደነገጠው እንድሪስ ነው።

"ተሰማ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም!" አለ። "እጄ ነው!"

ተሰማ ጠረጴዛውን አየ። እንጨቶቹን አየ። ቀስ ብሎ ኮቱን አወለቀና ለሐጂ አቀበላቸው።

"ግድ የለም" አለ። "እኔም እጅ አለኝ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በዕድሜዬ ብዙ ተጫዋች አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ አላየሁም። ተሰማ እንድሪስ ያደረገውን ከወዲያኛው ጠርዝ አደረገው። እንድሪስ ሳቀና ሌላ ፈጠረ። ኳሶቹ የሚታዘዙ ፍጡሮች ሆኑ። ሁለቱም ስለ ቤት መዘጋት፣ ስለ ኮምቦልቻ፣ ስለ ደሴ ረሱ። አላህ ያሳያችሁ፣ እኔም ረሳሁ! ዘምዘም ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ ወጥታለች። የደሴው ሰው ለእንድሪስ ይጮሃል፣ የኮምቦልቻው ለተሰማ። ሐጂ የተሰማን ኮት እያውለበለቡ ምን እንደሚሉ አይሰማም። ካፒታኖ ኮፍያው ወድቋል፣ ሸምበቆውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ "ብራቮ! ብራቮ!" እያለ ጠረጴዛውን ይዞራል።

ዘምዘም እጄን ቆነጠጠችኝ። "ይማም፣ ጨሌው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ቀና ብዬ አየሁ። ጨሌው ከዚያ ከእኩሉ ጨዋታ ወዲህ አልተነቃነቀም። ካፒታኖ መቁጠሩን ትቶታል።

"ዝም በይ" አልኳት።

ጨዋታው ያለቀው ሁለቱ ባንድ ጊዜ ስቴካቸውን ሲያስቀምጡ ነው። ጥሩ ተጫዋች ነጥቡን በሆዱ ይይዛል፤ ማን እንዳሸነፈ ሁለቱም ያውቃሉ። ተቃቀፉ። ላባቸው ይንጠባጠባል። ሰው ሁሉ ወደ ካፒታኖ ዞረ። ካፒታኖ ወደ ሽቦው ዞረ። ከዚያ ብብቱ ሥር ያለውን ሸምበቆ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ነበር፤ ጥሩ ጣሪያ ነው።

ሐጂ ሳልህ ቀረብ አሉ። "ጌታዬ፣ የቆጠሩት እርስዎ ነዎት" አሉት በትሕትና። "እርስዎ ያሉትን እንቀበላለን።"

የፈለገውን መናገር ይችል ነበር። ከልካይ አልነበረውም። አፉን ከፈተ፣ ተሰማን አየ፣ እንድሪስን አየ፣ ዘጋ። መኮንን ነው፣ መቁጠር ረሳሁ አይልም። እንዳይዋሽ ደግሞ ያየው ነገር ያዘው፤ እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ።

"እኩል ናቸው" አለ። "እስኪለዩ ሁለቱም ቤት ይቆያል።"

ቤቱ እንዴት እንደጮኸ! ዘምዘም ከወንበሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ያን ዕለት የጠጣነው ሻይ በሙሉ የሐጂ ግብዣ ነበር፤ እሳቸው ግን የኛ ግብዣ መስሏቸው ነበር።

ካፒታኖ በየጊዜው "መቼ ነው የሚለዩት?" እያለ ይልክ ነበር። ተሰማን መርፌ ወጋው። እንድሪስ አክስቱ ሞተች፤ እንደገናም ሞተች። እንዲህ እንዲህ እያልን ካፒታኖ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ሁለቱም ቤት ሳይዘጋ ቀረ። ልጃችን በክፍላችን ተወለደ።

አንድ ነገር ግን ተለወጠ። እኔ ቆጣሪ ነኝ፣ ሰው አያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ እንድሪስ ከደንበኞች ጋር ሲጫወት ያሸንፋል፣ ይቀልዳል፣ ነገር ግን ኳሱን መትቶ ውጤቱን ሳያይ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ከደሴ የሚመጡ ሰዎችም ተሰማ እንዲሁ እንደሆነ ነገሩኝ። የሚወደው ምግብ ጨው የጠፋበት ሰው ይመስሉ ነበር።

ልጃችን ክርስትና የለው፣ ሙስሊም ነን፤ ቢሆንም ተሰማ ሊያየው አንድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቀሚስ ሰፍቶ መጣ። ዝናብ ነበርና ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። እንድሪስ፣ ተሰማ፣ እኔ ብቻ። ጨርቁን ተኩሼዋለሁ፤ ኳሶቹ ተደርድረዋል። በሩን ዘጋሁት።

"ማንም አያያችሁም" አልኳቸው። "እኔ አልቆጥርም። ሐጂም አይሰሙም። ለነፍሳችሁ ተጫወቱ።"

እንድሪስ ተነሳ፣ አንዱን ኳስ አንስቶ በመዳፉ ውስጥ አንከባለለው። ተሰማ የኳሱን መንከባለል በዓይኑ ይከተላል። እንዴት እንደፈለጉት! ደስታዬ አንገቴ ድረስ ደርሶ ነበር። እንድሪስ ግን ኳሱን መልሶ አስቀመጠና ተቀመጠ።

"አይሆንም፣ ይማም" አለ። "ያን ቀን ከሱ ጋር ተጫወትኩ። ከዚያ ከናንተ ጋር መጫወት እንዲጥመኝ ስንት ወር እንደፈጀብኝ ታውቃለህ? ገና አሁን ነው የተመለሰልኝ።"

ተሰማ አንገቱን ነቀነቀ። "እኔ ገና አልተመለሰልኝም" አለ፤ ከዚያም "እስቲ ልጁን አምጣው" አለኝ።

ብዙ ቆጣሪዎች አስተምሬያለሁ። ጎበዞች ለምን እርስ በርስ አይጫወቱም ብለው ሁሉም ይጠይቁኛል። ተሸናፊ ለማየት የሚመጣ ስለሌለ ነው የሚለው የሐጂ መልስ ነው፤ እሱም እውነት አለው። የኔ መልስ ግን ይኼ ነው፤ በማግስቱ ከእኛ ጋር መጫወት አለባቸው።